እናትህ በጀርባቸው የሰሙት ትንፋሽ

ለውዴ ለአድማሱ፣

ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ሊወጣ ነው። ዛሬም ሰፈራችን ቁስቋም ጉም ለብሶ አድሯል። በሩን ስከፍት ግቢው አይታየኝም። ከዚያ ነጭ ውስጥ ዱቄት የነካካውን ሸሚዝህን ለብሰህ ብቅ የምትል ይመስለኛል። ብቅ አትልም። እኔም አልከፋም፤ ጉሙ እስኪገፈፍ አብረን እንደቆምን ቆጥሬ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።

ዳቦ ቤቱን ልጃችን ሰብለ ይዛዋለች። የማገዶውን ምድጃ አፍርሳ በኤሌክትሪክ ተካችው። መብራት ሲጠፋ ደንበኞች «ምነው እንጨት አታነዱም?» እያሉ ያኮርፋሉ፤ እሷ ግን በሩን ትዘጋለች እንጂ እሳት አታነድም። ግድግዳውን ደጋግመን ቀባነው። ጥላሸቱ ከቀለሙ ሥር ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ዕድሜህን ሙሉ ከዚያ ምድጃ አፍ ላይ ቆመህ፣ ጭሱን እንደ ዳቦው ሽታ ለምደኸው ነበር።

ዳገቱን መውጣት አቅቶህ ሆስፒታል የሄድን ቀን ሐኪሟ ያለችንን ታስታውሳለህ? ሳንባ ውስጥ እንደ ላስቲክ የሚለጠጡና የሚሰበሰቡ ቀጫጭን ክሮች አሉ አለችን። ጭስ ሲገባ ነጭ የደም ሴሎች ሊከላከሉ ይመጡና ኢላስቴዝ የሚባል ኢንዛይም ይለቃሉ። ኢንዛይሙ ጀርሙን ይቆራርጣል፤ ካልተገታ ግን ክሮቹንም ይቆራርጣል። ደም ውስጥ ኢንዛይሙን «ይበቃሃል» ብሎ የሚገታ ሌላ ነገር ነበር፤ ያንተን የብዙ ዓመት ጭስ አደከመው። ክሩ ሲበጠስ ሳንባው ይላላል፤ የገባው አየር መውጫ ያጣል። የተበጠሰውም መልሶ አይቀጠልም።

አንተ ሁሉንም ሰምተህ ስታበቃ «ታዲያ ሊጠብቀኝ መጥቶ ነው የሚበላኝ?» አልሃት።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያስ ይቅር ብዬዋለሁ። እኔም ዳቦ ያሳረርሁት ክፉ አስቤ አይደለም።»

ሐኪሟ ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አንድ ነገር ግን ከለከለችህ፦ አየሩ ወደሚሳሳበት ደጋ መውጣት። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኸው። እናትህ እማማ የሺ ከመካነ ብርሃን ወዲያ ደጋው ላይ ካለው መንደራችሁ ርቀው ሄደው አያውቁም። «ሳላያቸው ልቀር ነው» አልኸኝ፣ ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ።

ደውዬ ነገርኋቸው። «እሱ መውጣት ካቃተው እኔ እወርዳለሁ» አሉኝ።

እስከ መኪናው መንገድ በበቅሎ፣ ከዚያ በአውቶቡስ መጡ። አንተ ተቀምጠህ ልትቀበላቸው አልወደድህም፤ መቃኑን ይዘህ ቆምህ። እሳቸው ከኋላህ ዞረው ጆሯቸውን ጀርባህ ላይ አሳረፉ። ብዙ አዳመጡህ። «ሸጋ ነህ፣ ልጄ። ሸጋ ነህ» አሉህ። ሸሚዝህን ግን እንባቸው አርሶት ነበር።

ተጋድመህ መተንፈስ ስላቃተህ ቀኑን በረንዳው ላይ ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፋችሁ ትውሉ ነበር፤ እሳቸው እንዝርታቸውን እያሾሩ፣ አንተ እያንቀላፋህ። ከሩቅ ሳያችሁ የምትተነፍሱት አንድ ትንፋሽ ይመስለኝ ነበር።

ያን ጠዋትም እንዲሁ ነበራችሁ። እኔ ልብስ አሰጣለሁ። እንዝርቱ መቆሙን ልብ አላልሁም። ስጠጋ እማማ የሺ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ዓይናቸውን ሳይ አወቅሁ።

ለቅሶው ጋብ ካለ በኋላ «ምነው ወዲያው አልጠሩኝም?» አልኋቸው።

«ሲቆም በጀርባዬ ሰማሁት። ያን ያህል ታግሎ ገና ማረፉ ነበር። ጥቂት ልተወው ብዬ ነው» አሉኝ።

እስከ ሙት ዓመትህ ከእኔ ጋር ቆዩ። ከዚያ «አገሬ አድርሺኝ» ስላሉ ይዣቸው ወጣሁ። አንተ ዘመድ ልትጠይቅ ስትሄድ እኔ ዳቦ ቤቱን እጠብቅ ስለነበር መንገዱ አዲስ ሆነብኝ። ገደሉ ጫፍ ስንደርስ ደመናው ከእግራችን በታች ተኝቷል፤ የምረግጠው መሬት ይሁን ሕልም ሳይለይልኝ ቀረ። እማማ የሺ በከዘራቸው እያመለከቱ «እዚህ ወድቆ ግንባሩን ፈነከተ። እዚያ ቋጥኝ ሥር ከቄሱ ተደብቆ ዋለ» ይሉኛል። የማላውቀው አንድ ትንሽ አድማሱ በየድንጋዩ ኋላ ይስቅ ነበር።

ግንቦት በመጣ ቁጥር ልወጣ ቃል ገብቼላቸዋለሁ፤ ላንተም ይኸው። እግሬ እስከቻለ ድረስ አልቀርም። እሳቸው እኔ የማላውቀውን ልጅ ይነግሩኛል፤ እኔም እሳቸው የማያውቁትን የጎንደሩን ዳቦ ጋጋሪ እነግራቸዋለሁ። ባለፈው ሦስት ቀን አውርተን ከልጅነትህ እንኳ አልወጣንም።

ገና ብዙ ይቀረናል።

ባለቤትህ