ያስተማርኩሽ ሰላምታ

ይድረስ ላሳደግሽኝ አክስቴ፣ ዶርዜ።

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? ያቺ ዋልጌ ላምሽ ዛሬም አጥር ትጥሳለች? እኔ ከጠባዬ በቀር ደህና ነኝ።

ከባድ መርዶ ስላለኝ የሚያነብልሽ ሰው ቁጭ ብሎ ያንብብልሽ፤ አደራ እንዳይስቅ። ምላሴ ሞቷል። ቀብሩ እዚሁ አርባ ምንጭ ተፈጸመ። ለቀስተኛ አልመጣም፤ ሁሉም "ተገላገልን!" አለ።

የገደሉት የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን መምህር ሚካኤል ናቸው። አርፍጄ ገብቼ "ሶሪ" ስላቸው "የምትለውን ታውቀዋለህ?" አሉኝ።

"ይቅርታ ነዋ!"

"እሱ የዛሬው ነው። የቃሉ አያት ቁስል ነው። ድሮ ሶሪ ያለ ሰው 'ውስጤ ታሟል' ማለቱ ነበር። አንተ የትህን አሞህ ነው?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን አንቺ ትዝ አልሽኝና አንገቴን ደፋሁ።

ጋቢ ሊገዙ የሚመጡትን ፈረንጆች በአፋቸው "እንኳን ደህና መጣችሁ" ልትያቸው ፈልገሽ ስትጠይቂኝ፣ "ሶሪ በያቸው" ያልኩሽ እኔ ነኝ። በጋውን ሙሉ እጅሽን ደረትሽ ላይ አድርገሽ ለመጣው ሁሉ "ሶሪ፣ ሶሪ" አልሽ። አንዷማ ሐዘን የደረሰብሽ መስሏት አቅፋሽ አለቀሰች። እኔ ከእንሰቱ ኋላ ሆዴን ይዤ እስቃለሁ።

አስጎብኚው ብዙነህ በሰው ፊት ትርጉሙን ሲነግርሽ እንኳ አልተቆጣሽም። "ይቅርታ ማለት ነው እንዴ? ምን በድያቸው ነው?" ብለሽ ጋቢዎችሽን አጣጥፈሽ ገባሽ። እኔ በማግስቱ እየሳቅሁ "ሶሪ!" ብዬሽ መኪና ላይ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ዳር ወጥተሽ እንዳልሸጥሽ ሰማሁ።

አሁን መስቀል ደርሷል። ተጣልቶ መስቀል እንደማይከበር ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። እኛ ዘንድ ይቅርታ በምላስ ብቻ አይሆንም፤ እርጥብ ሳር ይዞ መንበርከክ ነው። በርሽ ላይ ብንበረከክ ትከፍቺልኛለሽ? ይህችን ለመጠየቅ ነው ይህ ሁሉ ወረቀት።

ሹፌሩ ካሱ የላክሽልኝን ቆጮ ትናንት አደረሰኝ። "ለዚያ ለምላሳም ስጥልኝ" ብለሽዋል አሉ። ጥቅሉ የታሰረው በእርጥብ ሳር ነው። ካሱ "ገመድ ጠፍቷት ይሆናል" አለ። እኔ ግን ሳሩን አልጣልኩትም። እስከ መስቀል እንዳይደርቅ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አቁሜዋለሁ።

እግዜር ወገብሽን ያጽናልኝ፤ ደጅሽ ከሰው አይጉደል።

ነገሩስ ትንሽ ነበር፤ አንዲት ቃል። ግን አሞኛል።

ያው ምላሳሙ የወንድምሽ ልጅ