ከጉድጓድ የወጣው ማሽላ

አሰበ ተፈሪ፣ ግንቦት 6 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣ ካለህበት ግንባር።

እንዴት ነህ? እግርህስ? ያ ሳልህስ ለቀቀህ? እኛ ደህና ነን። እማዬ ስምህን ሳትጠራ እህል አትቀምስም። እኔማ ምን እሆናለሁ! ከዚህ እስከ ሚኤሶ እንደኔ ጋሪ የሚነዳ ካለ ይምጣ።

አደራ ያልከኝ ዳማው ፈረስ ጠጉሩ እንደ መስተዋት ያበራል። በኔ ጭንቅላት ነው የተረፈው፤ ስማ።

በድርቁ ሣሩም ፍሩሽካውም ጠፋ። ነጋዴው ሀሚድ ታዲያ ከእህል ጉድጓድ ያወጣሁት ማሽላ አለኝ፣ ፈረስ ያደልባል እያለ ባለጋሪውን ይጠራል። አሸተትኩት፤ ሻግቷል። ይሄማ ይገድላል ስለው፣ አፍሶ አፉ ውስጥ ጨመረና ቆረጠመው። ይኸው በላሁ፣ ሞትኩ? አለኝ። አንተ ፈረስ ነህ እንዴ? አልኩት፤ ገበያው ሁሉ ሳቀበት። አጠገቡ የሚሸጡት እማማ ሳህሊቱም በሬስ ያመሰኳል፣ ፈረስ የዋጠውን አይመልስም፣ ተጠንቀቅ አሉኝ። ሀሚድ ተናዶ እንካ፣ በነጻ ሞክረው ብሎ ግማሽ ጆንያ አሸከመኝ።

ዳማውን አንዲት ፍሬ አላቀመስኩትም። ሞኝ ነኝ? ጆንያው ግን በሳምንቱ ባዶ ሆነ። የባለጋሪው የሮባ ፈረስ ከኛው ጎን እንደሚታሰር ታውቃለህ። ሮባ ለሶላት ሲሄድ ጠብቅልኝ የሚለው እኔን ነው።

ከዚያ የሮባ ፈረስ ግድግዳውን በግንባሩ ይገፋ፣ ባለበት ይዞር ጀመር። በሦስተኛው ቀን ወደቀ፤ አልተነሳም። አልነገርኳችሁም ወይ! ብዬ ገበያውን አናወጥኩት። ሀሚድ ወላሂ ለሮባ እፍኝ አልሸጥኩለትም እያለ ይምላል፤ ማን ይመነው? አሁን ያንን ማሽላ ማንም አይነካውም። ስንት ፈረስ እንዳተረፍኩ ቁጠር እንግዲህ።

ሮባ አራት ልጅ ይዞ በጀርባው ሸክም ጀምሯል። ትናንትና መንገድ ላይ አስቆመኝና፣ ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ እኔ ከሀሚድ ገዝቼ አላውቅም፣ ፈረሴ ከየት አግኝቶ በላው? አንተ ዓይንህ ፈጣን ነው፣ ምንም አላየህም? አለኝ።

አላየሁም አልኩት።

ወንድም ጋሼ፣ ዛሬ ጠዋት ዳማውን ለሮባ ሰጠሁት። ስትመጣ ብትፈልግ ምታኝ፤ ለምን ብለህ ግን አትጠይቀኝ። ሮባንም አትጠይቀው። እሱ የደግ ልጅ፣ ደግ እያለ በየሄደበት እየመረቀኝ ነው፤ መንገድ ቀይሬያለሁ።

ጥይቱ ይሳትህ፣ መንገዱ በሰላም ይመልስህ። ለእማዬ ሌላ ደብዳቤ ጻፍላት፤ ይሄንን እንዳታነሳባት።

አደራህን የተቀበለው ታናሽ ወንድምህ