ጨርቅ የለበሰው ቴሌቪዥን

ጥቅምት 14፣ ማክሰኞ፣ ማታ 2 ሰ.

ጥሩየ ስኳሯ ተነስቶ ጤ/ጣቢያ አደረች። ሲመልሷት በአጥሩ አየኋት። እግሯ አብጧል፣ ምላሷ ግን ደኅና ነው። የልጇ የደሴ ሚስት ቀኗ ደርሷል፤ ሴት ከሆነች በኔ ስም ሊጠሯት ነው አሉ። ዘውዴ ለሕፃን ይከብዳል ብላት ሳቀች። ከግድግዳ ማዶ ያለች ጎረቤቴ ናት፣ ደብተርየ፣ ያላንቺና ያለሷ ከማን አወራለሁ።

ከቀትር በኋላ እማሆይ ወለተ መጡ፣ በሶ ይዘው። ከታች ሠፈር ሁለት ሴቶችም ገቡ። ብርዱ ዘንድሮ ቀደመ አሉ፣ ገብሱ ሊታጨድ ነው አሉ። ሁሉም እንደ ድሮው ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አዙሮ ተቀመጠ። ልማድ ነው። ቴሌቪዥኑ ግን ነጠላ ለብሷል።

ጥቅምት 16፣ ሐሙስ፣ ማታ

ነጠላውን ያለበሰችው ጥሩየ ናት፣ ባለቤቴ ጫኔ ሚያዝያ ላይ የተቀበረ ዕለት። የራሷን ነጠላ አውልቃ ጣል አደረገችበት። ልቅሶ ቤት ማን ቴሌቪዥን ይከፍታል። አርባው ወጣ፣ ሰማንያው ወጣ፣ እኔ አላነሳሁትም። መንፈቁ ይውጣ አልኩ።

ጫኔ ነው ከጎንደር ያመጣው፣ በአውቶቡስ፣ ጭኑ ላይ አድርጎ። ኮሶዬ ላይ ብርዱ ሲበረታ ካፖርቱን አውልቆ ለሱ አለበሰው። ከሠፈሩ ቴሌቪዥን ያለው ሌላ ቤት አልነበረም ያኔ። እሑድ ማታ ለድራማው ሰው እስከ በሩ ይሞላል። ጫኔ ውጭ ነው፤ አንቴናው የተሰቀለበትን ምሰሶ ያዞራል። መጣ? ይላል። አልመጣም እላለሁ። ትንሽ ወደ በየዳ! አለፈ፣ ወደ ዳባት መልሰው! ሥዕሉ የጠራበትን ቦታ ምሰሶው እግር ላይ ሚስማር መትቶ ምልክት አደረገ፤ ነፋሱ ግን ሌሊቱን ያዞርበታል። ድራማው ሲያልቅ ጠጉሩ ርሶ ይገባል፣ ምን ሆነች ልጅቱ ይለኛል። እነግረዋለሁ። ብዙውን ድራማ ያየው በኔ አፍ ነው።

አላለቅስም። እጠርጋለሁ፣ እበላለሁ፣ እጽፋለሁ። ከጥሩየ ግድግዳ ድምፅ ይሰማኛል፣ በጣም ዝቅ ያለ። ሬዲዮ ገዝተው ይሆናል።

ጥቅምት 18፣ ቅዳሜ

መንፈቁ ወጣ። የንስሓ አባታችን ቤት ድረስ መጥተው ጸሎት አደረሱ። ሲወጡ ወደ ነጠላው አይተው ይበቃል አሉኝ፤ ጫኔ ሰው የሚወድ ሰው ነበር፣ ቤቱን አትዝጊበት አሉ። እ/ር ይስጣቸው።

ነገ እሑድ ነው፣ ለድራማው እንደ ድሮው ኑ አልኳቸው የመጡትን ጎረቤቶች ሁሉ። እሺ አሉ። እሺ ሲሉ ግን አንዳቸውም አላዩኝም። ጥሩየ ስለ እግሯ ማውራት ጀመረች። ደክሟቸዋል መሰለኝ።

ጥቅምት 19፣ እሑድ፣ ምሽት

ቆሎ ቆላሁ። አግዳሚውን ጠረግኩ። ሁሉም መጡ፣ አንድ ሳይቀር። እማሆይ ወለተ፣ የታች ሠፈር ሴቶች፣ ጥሩየ በምርኩዝ፣ ደሴ ደግፏት።

ነጠላውን አነሳሁ። ከፈትኩት። ሽሽሽ ብቻ። ነጭና ጥቁር እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል።

ደሴ ተነስቶ ወጣ። ወዲያው ከውጭ፦

"መጣ?"

እንደምንም አልመጣም አልኩ። ትንሽ ወደ በየዳ አልኩ። አሁንስ? አለ። ወደ ዳባት መልሰው። ካፊያ ጀምሮ ነበር። እሱ ያዞራል፣ እኔ እናገራለሁ፣ ሰዎቹ ጉልበታቸውን ያያሉ። ረጅም ጊዜ እንዲሁ ሆንን። በመጨረሻ ጥሩየ ምርኩዟን መሬት ላይ መታ አደረገች።

"ዘውድየ፣ ምሰሶው አይደለም እኮ። ልጄ በብርድ አለቀብኝ፤ እኔው ልናገር።"

ተናገረች። ክረምት ላይ ተራራው ላይ ያለው ማሰራጫ ተቀይሯል። ዲጂታል ሆኗል። የድሮው ሥዕል ቀርቷል፤ ሪሲቨር የሚሉት ሳጥን ካልተቀጠለ አሮጌ ቴሌቪዥን አያሳይም። ሳምንት ሙሉ ሲለፈፍ ነበር። የት? በቴሌቪዥን። የኔው ግን ነጠላ ለብሶ ነበራ። ሰው ሁሉ ገዛ። እነ ጥሩየም ሰፊውን፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ገዝተዋል። ሬዲዮ ያልኩት እሱ ነው።

"ድምፁን ዝቅ እያደረግን ነው የምናየው፣ ለጫኔ ብለን።"

ደሴ ውኃ እያንጠባጠበ ገባ። ቆሎውን አዞርኩ። ብሉ እንጂ አልኩ። ሽሽሽ እያለ ቆሎ በላን። ሊያጠፋው የተነሳ የለም፣ እኔም አልተነሳሁ።

ጥቅምት 20፣ ሰኞ

አልተቀየምኩም። ባሏ የሞተባት ሴት ፊት ቴሌቪዥን ገዛሁ ብሎ ማን ያወራል? እኔም ብሆን አላወራም። ደጎች ናቸው። መቀየም ነበረብኝ ይሆን ብዬ ራሴን ፈለግኩ፤ ምንም የለም።

ጥቅምት 22፣ ረቡዕ

ደሴ ሳጥኑን አመጣ። ምሳ ብላ ብለው እንቢ አለ፣ እትየ ዘውዴ አይገባም አለ። ምሰሶውን ወደ ጫኔ ሚስማር መልሶ አቆመው። አቅጣጫው ልክ ነው፣ ከዚህ በኋላ ቢወዛወዝም ግድ የለም፣ ይህ እንደ ድሮው አይደለም አለ። ከወንበሩ ሳይነሳ አንድ ቁልፍ ተጫነ። ሥዕሉ ወለል አለ። የዜና አንባቢዋ ግንባር ላይ ዱቄቱ ይታያል። የኛ ቤቱ ኤች ዲ ነው፣ ከዚህም ይጠራል፣ የቅንድቧን ጠጉር ትቆጥሪዋለሽ አለኝ።

የሚጣራ የለም። የምመልሰውም የለም። ጫኔ ቢያይ ምን ይል እንደነበር ለማሰብ ሞከርኩ። አልታሰበኝም።

ጥቅምት 26፣ እሑድ

ቆሎ ቆላሁ። በሩን ከፍቼ ተቀመጥኩ። በየቤቱ መስኮት ሰማያዊ መብራት። ድምፁን ከፍ አድርገውታል አሁን፤ መንፈቁ ወጥቷል። ድራማው ከኔም ቤት፣ ከጥሩየም፣ ከታችም እኩል ይሰማል። አለቀ። ልጅቱ ምን እንደሆነች ዐወቅኩ። የምነግረው ሰው ፈልጌ ወደ በሩ ዞርኩ።

ኅዳር 1፣ ዓርብ

የደሴ ሚስት ሴት ወለደች። ሄድኩ፣ ገንፎ በላሁ፣ ተመለስኩ። እዚያ ሁሉም ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ነው የተቀመጠው። ልጅቱን ከድራማው በአንዷ ስም ጠሯት። ደስ የሚል ስም ነው። ለሕፃን አይከብድም።

ኅዳር 3፣ እሑድ

ቆሎ አልቆላሁም።

ኅዳር 6፣ ረቡዕ

ነፋስ። ገብሱ ታጨደ። ምሰሶው ሌሊቱን ሲንቋቋ አደረ። ወጥቼ አየሁት፤ ከሚስማሩ ርቋል። ሥዕሉ ግን ያው ነው፣ ጥርት ያለ።

ኅዳር 10፣ እሑድ፣ ከቀኑ 11 ሰ.

የጥሩየን ነጠላ አጥቤ፣ አጣጥፌ አስቀምጬው ነበር። ዛሬ ልመልስላት አውጥቼ ያዝኩት። ደጃፉ ድረስ ወጣሁ። እዚያው ቆምኩ።

በነጠላው ወራት ማን እንደመጣ ስጽፍልሽ ገጽ አይበቃኝም ነበር፣ ደብተርየ።

ተመልሼ ገባሁ። ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። ነጠላውን አለበስኩት፣ ጥሩየ እንዳለበሰችው አድርጌ፣ ጥለቱን ወደ ፊት። አግዳሚውን ወደሱ አዞርኩ። በሩን ገርበብ አድርጌ ትቼዋለሁ። ጥሩየ አይታ ብትጠይቀኝ አቧራ እንዳይገባበት ነው እላታለሁ።