የሰሜን በር ትኬት ቆራጭ

ይድረስ ለወንድሜ ለዊልፍሬድ፣ አውስትራሊያ።

እንደምን ከርመሃል? ዮርክሻየር ዝናቡን አላቆመም፤ ከጉልበቴ በቀር እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴ ክሊፎርድም ይበላል፣ ይተኛል።

የራግቢ ሜዳችን አበቃለት። አያታችን ከጓደኞቻቸው ጋር ከከሰል ጉድጓዱ አፈር እየተሸከሙ የከመሩት የተመልካች መቆሚያ ተንዶ ሱፐርማርኬት ተሠራበት። የአባባ አስከሬን ተቃጥሎ አመዱን የበተንንበት የግብ ምሰሶ ስር አሁን በረዶ የሆነ አተር ይሸጣል። "አባባ ዕድሜ ልካቸውን ብርድ ላይ ቆመው ጨዋታ አዩ፤ ዛሬም አልሞቃቸውም" ብዬ ቀለድኩ። ክሊፎርድ አልሳቀም።

እሱ አርባ ዓመት ትኬት የቆረጠበት የሰሜን በር የሱቁ መግቢያ ሆኗል። ቅዳሜ ቅዳሜ የክለቡን ሻርፕ ጠምጥሞ እዚያው ይቆማል። የሱቁ ሠራተኞች ደጎች ናቸው፤ "ጋሼ ክሊፍ፣ ዛሬ ማን ያሸንፋል?" ይሉታል። "እኛ ነና! ደግሞ አትጋፉ፣ ተሰለፉ!" ይላቸዋል።

ታስታውሳለህ፣ ኮረዳ ሳለሁ እኔን ትኬት ጠይቆኝ አያውቅም። "አንቺማ የቤት ልጅ ነሽ፣ ግቢ" ነበር የሚለኝ። ያጋባን ያ በር ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ዘንቢሌን ይዤ ስደርስ እጁን ዘረጋና፣ "እመቤት፣ ትኬትዎን?" አለኝ።

ኪሴ ውስጥ የዳቦ ደረሰኝ ነበር፤ ሰጠሁት። ለሁለት ቀዶ ግማሹን መለሰልኝና፣ "ቶሎ ይግቡ፣ ጨዋታው ሊጀመር ነው" አለኝ።

ገባሁ።

ለገና እመጣለሁ ያልከውን ወደ ፋሲካ አታሻግረው፣ ወንድምዬ። ያንተን ስም ስጠራለት እስካሁን ፊቱ ይበራል።

እግዜር በዓይነ ሥጋ ያገናኘን።

እህትህ ሙሪየል፣
የክሊፎርድ ሚስት