«ጆሮስ እንዴት ነው?»

መስከረም 14 ቀን 2007

ሰው የያዘውን እንጀራ ትቶ ያልያዘውን ለምን ያሳድዳል? ዛሬ ይህን ያልጠየቀኝ የለም። የካምፑ ወጥ ሠሪ እንኳ ጭልፋዋን ይዛ ቆማ ጠየቀችኝ። ለሁሉም ሳቅሁ። ለራሴ ግን ልመልስ...

መልቀቂያዬ ተፈረመ። ሻምበል ዘመነ እጄን ጨብጠው፣ «ሲቪል ትእዛዝ አይሰማም ልጄ፤ ትቸገራለህ» አሉኝ። በአየር ኃይል የበረራ ቁጥጥር ተምሬ ስመረቅ ማማ ላይ የምቀመጥ መስሎኝ ነበር። የተላክሁት መተማ ዮሐንስ አጠገብ ወዳለው ወደዚህ ኮረብታ ነው። ራዳር፣ ሬዲዮ፣ ድንኳን፣ ሙቀት። ከሱዳን በኩል የሚመጣ አውሮፕላን ነጥብ ሆኖ ይታየኛል። «ታየ» እላለሁ። ይሄዳል። «አለፈ» እላለሁ። በቃ። አንዱንም አናግሬ አላውቅም።

ማናገር ነው የምፈልገው። ሰው የሞላበትን አውሮፕላን በድምፄ ማሳረፍ። የሲቪል በረራ ተቆጣጣሪዎች ፈተና ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ አዲስ አበባ ይሰጣል። ለሚቀጥለው ዙር ዕድሜዬ አይፈቅድም። ስለዚህ ይኼ ነው... ሌላ የለም።

ጥቅምት 6

ገንዳ ውሃ፣ እህቴ ብሌን ቤት። ዩኒፎርሙን አወለቅሁ፤ ሰው ሰላም ሲለኝ ግን እጄ አሁንም ወደ ግንባሬ ይሄዳል። ባጃጅ ነጂዎቹ ይስቁብኛል።

ብሌን ከትምህርት ቤት ስትመለስ አብራሪ ትሆንልኛለች። እሷ ከወዲያኛው ክፍል፣ እኔ ከዚህ። ከፍታ እነግራታለሁ፣ ማኮብኮቢያ እነግራታለሁ። ዛሬ ተቆጣች። «ተናግረህ ትዘጋለህ! ገና ወታደር ነህ። መልሴን ጠብቅ እንጂ።» እውነቷን ነው። እኛ ዘንድ ትእዛዝ ወረደ፣ አለቀ። በሲቪሉ አብራሪው የነገርኸውን መልሶ ይልልሃል፤ አንዲት ቁጥር ብትዛነፍ ሰምተህ ታርመዋለህ። መናገሩማ ቀላል ነው። ሰው የሚድነው ያንን መልስ በማዳመጥ ነው።

እለምደዋለሁ።

ጥቅምት 22

ትኩሳት፣ እንደገና። ወባ ነው። እዚህ አገር ትኩሳት ሁሉ ወባ ነው፤ ሐኪም ከመጠየቅ ኪኒን መግዛት ይቀላል። ባለፈው ወር ውጬ ተሽሎኝ ነበር... የተሻለኝ መስሎኝ ነበር። ተኝቼ አጠናለሁ። ብሌን ፊትህ ጠቁሯል ትለኛለች። እጄ እንደ እንጨት ቀጥኗል፣ ሆዴ ግን ይነፋል። ምን ዓይነት ወባ ነው?

ኅዳር 7

ሆስፒታል። ሲስተር ታንጉ በግራ ጎኔ በኩል ሆዴን ጫን ጫን አደረገች። ከዚያ፣ «ይህን ሁሉ ጊዜ ወባ እያልህ ነው የምትውጠው?»

ካላዛር።

እርሻ ውስጥ የሚያድሩ የቀን ሠራተኞች በሽታ ይመስለኝ ነበር። እኔስ ሁለት ዓመት የት አደርሁ? ድንኳኑ ሲያፍነን ግራሩ ሥር፣ በተሰነጠቀ ዋልካ አፈር ላይ። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ማዕረግ አታይም።

ሕክምናው ሁለት ዓይነት መርፌ ነው። አብረው ሲሰጡ ከሁለት ሳምንት ብዙ አያልፍም። ለፈተናው እደርሳለሁ ማለት ነው። ሲስተር ታንጉ ግን ዓይኔን እያየች አስጠነቀቀችኝ። «አንደኛው ጆሮ ሊነካ ይችላል። ከጮኸብህ ወይም ከደፈነህ በዚያው ቀን ትነግረኛለህ። እሱን አቁሜ በሌላው ብቻ እቀጥላለሁ።» ያን ጊዜ ስንት ይፈጃል? አልኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወር ገደማ አለች።

ወር ከሆነ ፈተናው አለፈ።

ኅዳር 10

ከጎኔ ያለው ፈንቴ ይባላል። ጎጃሜ ነው፤ ልጆቹን ትቶ ለሰሊጥ አጨዳ ወረደ፤ ሳያጭድ ወደቀ። ሥራዬን ጠየቀኝ። ስነግረው ሳል እስኪይዘው ሳቀ። «አገር ጠባቂው በዝንብ ተማረከ በሉኛ!» ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ስሜ «አብራሪው» ሆነ። አብራሪ አይደለሁም ብለው፣ ታዲያ አውሮፕላኑን ማን ይነዳዋል አለ። አብራሪው። አንተስ? እኔማ በየት ይሂድ፣ መቼ ይውረድ፣ እነግረዋለሁ።

«እንደ ሚስቴ በለኛ!»

በመስኮቱ በኩል የነበረው ሰውዬ ዛሬ ሞተ። ዘመዱን የሚያውቅ የለም። ስልኩ ውስጥ የተገኘው ቁጥር የእርሻው ካቦ ብቻ ነው። ካቦው ስልኩን አላነሳም። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

ኅዳር 16

ጮኸ።

መጀመሪያ ጄነሬተሩ መሰለኝ። ጄነሬተሩ ጠፋ፤ ድምፁ ቀረ። ቀጭን፣ የማያቋርጥ... ግራ ጆሮዬ ውስጥ። የድካም ይሆናል። ነገ ይተወኛል።

ኅዳር 17

አልተወኝም።

ሲስተር ታንጉ በየአልጋው እየዞረች ትጠይቃለች። «ጆሮስ እንዴት ነው?» «ደህና ነው» አልኋት። እንዴት ቀለለኝ! ጻፈችና አለፈች።

ከሰዓት በኋላ ፈንቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ቀልዱ የለም። «አብራሪው፣ ጆሮዬ ውስጥ ጢንዚዛ ገብቷል። ልናገር ወይስ ልቻለው?» ከተናገረ ይራዘምበታል፤ አጨዳው ያልቃል፤ ባዶ እጁን ምን ብሎ ይገባል? ሁሉንም ዘረዘረልኝ። እኔም መለስሁለት፣ ሳላመነታ፣ እንደ አስተማሪ። «ዛሬውኑ ተናገር። የሄደ ጆሮ አይመለስም።»

«ያንተስ? አይጮህም?»

«የኔ ደህና ነው።»

ትንሽ አየኝ። ተነሥቶ ሄደ፤ ተናገረ። መድኃኒቱን ቀየሩለት።

ለሱ የነገርሁትን ለራሴ ለምን አልነገርሁም? እኔ ፈተና ስላለብኝ? እሱም አጨዳ ነበረበት እኮ...

ኅዳር 20

አሁን ሁለቱም ጆሮዬ። ጥቂት መርፌ ነው የቀረኝ። ዝም።

ኅዳር 25

ወጣሁ። ትኩሳቱ የለም፣ ሆዴ ገብቷል። ድኗል ተብሎ ተጻፈልኝ። ፈንቴ ይቆያል፤ አጨዳው አምልጦታል። ሲሰናበተኝ፣ «አውሮፕላኑን እርሻችን ባለበት በገለጉ ላይ ስታሳልፈው ዝቅ በል በልልኝ፤ እጄን አወዛውዛለሁ» አለ።

ብሌን ባጃጅ ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር። ከኋላዬ ብትጠራኝ ብትጠራኝ አልዞርሁም። «ገና ማማው ላይ ሳትወጣ ኮራህ?» አለች። አዎ ኮራሁ አልሁና ሳቅን።

ታኅሣሥ 14፣ አዲስ አበባ

የጽሑፉን አልፌያለሁ! ከፊተኞቹ ውስጥ ነኝ። ቃለ መጠይቁም ጥሩ ነበር፤ ሦስት ሰዎች ፊት ለፊቴ ተቀምጠው... አፋቸውን አፋቸውን እያየሁ መለስሁ። አንዱ ሰውዬ፣ ውትድርናው ረጋ ያለ አድርጎሃል አለኝ። ነገ የጤና ምርመራ ብቻ ነው። ጩኸቱ ዛሬ ቀነስ ብሏል። ወይስ ለምጀው ነው?

ታኅሣሥ 15

ጠባብ ክፍል ነው። ማዳመጫ አጠለቁልኝ። ድምፅ ስትሰማ ቁልፉን ተጫን ተባልሁ። መርማሪዋ በመስታወት ማዶ ተቀመጠች። ወጣት ናት፤ ደረቷ ላይ ዓለምፀሐይ ይላል።

ዝም። ዝም። የራሴ ጩኸት ብቻ።

ከኔ በፊት የገቡት በየስንት ጊዜው እንደሚጫኑ በበሩ በኩል አይቼ ነበር። ገመትሁ። ተጫንሁ። ትንሽ ቆየሁና ደግሜ ተጫንሁ።

ዓለምፀሐይ ተነሥታ ገባች። ማዳመጫውን ራሷ ከአንድ ጆሮዬ ላይ አነሣችና ወደ ፊቴ ዝቅ አለች።

«ወንድሜ፣ ገና ምንም አላሰማሁህም።»

ታኅሣሥ 16

ዶክተሩ ደግመው ለኩኝ። ቀጫጭን ድምፅ የሚሰማው የጆሮዬ ክፍል ሄዷል፤ የነርቭ ጉዳት ነው፤ አይመለስም። በሬዲዮ ላይ ሰው ሊያምነኝ አይችልም። ይህን አላሉትም፤ እኔ ነኝ ያልሁት። ሲጀምርህ ለሐኪሞቹ ለምን አልተናገርህም? ብለው ጠየቁኝ። ወረቀቴን ተቀብዬ ወጣሁ።

ጥር 3

ለሻምበል ዘመነ ደወልሁላቸው። ልመለስ እችል እንደሆን። ረጅም ነገር ተናገሩ፤ ግማሹ አልገባኝም። ለዚያም ጆሮ ይመረመራል ያሉ መሰለኝ። እሺ ጌታዬ ብዬ ዘጋሁ።

ጥር 19

ብሌን ማጥኛ ደብተሬን ከፍታ፣ እንለማመድ? አለችኝ። ከወዲያኛው ክፍል ሆና ነው የጠየቀችኝ። መጥታ ፊቴ ቆማ እስክትደግመው ድረስ ምን እንዳለች አላወቅሁም። ከዚያ አለቀሰች።

የካቲት 11

የሰሊጥ ማበጠሪያ ማሽን ላይ ሥራ ይዣለሁ። ባለቤቱ ጋሽ እንዳለው የሚባሉ ናቸው፤ ማሽን ይችላል ተብሎ ተነግሯቸው ወሰዱኝ። አቧራ፣ ጆንያ፣ ጫጫታ። እዚህ ሰው ሁሉ እየጮኸ ነው የሚነጋገረው። ማንም አላወቀብኝም። አውሮፕላን ሲያልፍ ሠራተኞቹ ቀና ይላሉ፤ እኔም አብሬ ቀና እላለሁ።

ዛሬ ፈንቴ መጣ። ከዳነ በኋላ ማሽላ ቆረጣ አግኝቶ ቆይቶ ኖሯል፤ አሁን ወደ ጎጃም ሊገባ ነው። ፊቱ ሞልቷል። ጣቱን ጆሮው ላይ አድርጎ አሳየኝ፤ ጢንዚዛው ወጥቷል። ለምሳ ማሽኑ ሲቆም ግቢው ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀመጥን። ወደ መንገዱ እያየ ያወራልኛል፣ ስለ ልጆቹ መሰለኝ... እኔ ደስ ይላል እላለሁ። አንዴ ደስ ይላል ስል ንግግሩን አቋረጠ። ደስ የማይል ነገር ነግሮኝ ኖሯል።

ዞሮ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ብዙ አየኝ። ከዚያ ጠጋ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣

«አብራሪው... ያኔ ያንተም ይጮህ ነበር?» አለኝ።

እያንዳንዷን ቃል ሰማኋት። ከሆስፒታል ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ጥርት ብሎ የደረሰኝ ንግግር የለም።

«አልሰማሁህም» አልሁት። «እስቲ ድገምልኝ።»