ለቅዳሜና እሁድ ሁለት ሻንጣ

ይድረስ ድሬዳዋ ላለሽው እህቴ ለእትዬ መሰለች፤ ሙቀቱ እንዴት ይዞሻል? እኛ አቃቂዎች ከብርዱ በቀር ደህና ነን።

ልጄ አምባው ዓርብ በባቡር ይመጣልሻል። የሐርላን ጥንታዊ ፍርስራሽ አይቶ ሰኞ ጠዋት እመለሳለሁ ብሏል። "ለሁለት ቀን ሁለት ሻንጣ?" ብዬ ብጠይቀው፣ "እማዬ፣ አንዱ እኮ ድንጋይ መያዣ ነው" ብሎ አሳቀኝ። የተኮስኩለትን ሸሚዝ ላስገባ ብዬ የድንጋይ ያለውን ስከፍተው ግን ባዶ አይደለም፤ የትምህርት ማስረጃውንና የሟች አባቱን ፎቶ በካፖርት ጠቅልሏቸዋል። ድሬ ላይ ካፖርት ምን ሊያደርግለት? እንደነበረ ጠቅልዬ መለስኩት።

ይህን ደብዳቤ በረቡዕ ባቡር፣ በተቆጣጣሪው በጉተማ እጅ ልኬዋለሁ። አደራ፣ ራስሽ ጣቢያ ወጥተሽ ተቀበይው። ፍርስራሹን እንደልቡ ይይ፤ ሻንጣዎቹን ግን እሁድ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ባቡር እስኪነሳ ድረስ ቆልፈሽ አስቀምጪልኝ።

ሰኞ ጠዋት አቃቂ ጣቢያ እቆማለሁ። ሐዲዱ በደህና ያገናኘን።

ታናሽሽ አሰጋሽ