የጫልቱ ዝንቦች

ሰኞ
ዛሬም ትል! ዓይን የሚማርከውን እንጉዳይ ግንዱን ስሰነጥቀው ውስጡ ይርመሰመሳል። ግማሹን ለዶሮ በተንኩት። ትሉን የሚጥሉት እነዚህ ደቃቅ ጥቁር ዝንቦች ሰበታ ድረስ በእግራቸው አልመጡም፣ ያመጣቸው ሰው አለ። ከጫልቱ ሌላ ማን ይሆናል? ቡራዩ እሷም እንጉዳይ ታበቅላለች። ባለፈው መጥታ የእንጉዳይ ቤቴን በር ከፍታ ስታወራኝ ዋለች። እሷ ከሄደች በኋላ ነው ቤቱ በዝንብ የተወረረው።
አበልጄ መሆኗ ነው የሚያናድደኝ። ክርስትና ያነሳችው ልጄ ልደት እሑድ ነው፤ እስካሁን አልጠራኋትም።

ማክሰኞ
ደወልኩላት። "አንቺ ጋ ዝንብ አለ እንዴ?" ስላት ዝም አለች። ከዚያ "ኢጆሌን ፈያ?" ብላ ስለ ልጆቹ ትጠይቀኛለች። ወሬ ማስቀየሯ እኮ ነው! ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእሷ ዝምታ ግን ትል አለው።
አልጠራትም።

ሐሙስ
ስለ ዝንብ የምታጠናዋ ሰላም ደወለች። ከእኔም፣ ከጫልቱም፣ ከሱሉልታው ኦቦ ቶላም ዝንብ ሰብስባ ዘረ መላቸውን እያስመረመረች ነበር። ውጤቱ ደርሷል፣ ነገ ትመጣለች። እሰይ! ይህን ማስረጃ ይዤ ነው የማፋጥጣት።

ዓርብ
የኦቦ ቶላ ዝንቦች ጭራሽ ሌላ ዓይነት ናቸው። የእኔና የጫልቱ ግን ዘመዳሞች። "አላልኩም?" ብዬ ብድግ አልኩ።
"ይቀመጡ እትዬ" አለች ሰላም። የእኔዎቹ ብዙ ዓይነት ዘር የተቀላቀለባቸው፣ ሳይታዩ እዚህ የከረሙ ናቸው። የጫልቱዎቹ ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ፤ የዚያች እናት ዘር ደግሞ እኔ ቤት አለ። ጥቂቶች ወደ አዲስ ቦታ ሄደው ሲባዙ እንዲህ ነው አለች። "ከእርስዎ ወደ እሷ የሄዱ ሳይሆን አይቀርም።"
እኔ? በምን?
ማታ ሣጥን ሳጥብ ትዝ አለኝ። ክው አልኩ። በጾሙ ወቅት የጫልቱን ሣጥን ተውሼ ነበር። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም ብዬ፣ እንጉዳይ የያዙ ሁለት ላስቲኮች ከቤቴ አንስቼ ከትቼበት መለስኩላት። ስማኝ መርቃኝ ነበር!

ቅዳሜ
ገና በጠዋቱ ደወልኩ። "ጫልቱ፣ ያ ሣጥን..."
"አውቃለሁ" አለች። "ላስቲኩን የፈታሁ ዕለት ነው የወጡት።"
"ታዲያ አትነግሪኝም?"
"ስጦታ ይዘሽልኝ መጥተሽ ምን ልበልሽ?"
አለቀስኩ። ስንት ቀን በሆዴ ሳማት ከረምኩ! ነገ ልደቱ ነው፣ ነይልኝ፣ ብቻ ባዶ እጅሽን አልኳት። ሳቀች። አውቃታለሁ፣ ባዶ እጇን አትመጣም። እንጉዳይ ከያዘች ግን እውነቴን ነው፣ በር ላይ ነው የማስፈታት።